ማሻአላህ ያላልሁለት ዛፍ

ቆቦ፣ ሰኔ 21፣ ሐሙስ

የፓፓያ ችግኞቹን አጠጣሁ። ግማሾቹን ብቻ። የቀሩት ነገ ተራቸው ነው። የጉድጓዱ ሞተር ነዳጅ ካጣ ሰነበተ፤ ውሃ የሚመጣልን በአህያ ነው። አህያዋም እንደ ሹም አርፍዳ ትገባለች።

የጎሊና ወንዝ ደረቅ። አባየ ከማሳው ጫፍ ቆሞ ወደ ምዕራብ ያያል። ደጋው ሲዘንብ ነው ለእኛ ጎርፍ የሚወርደው። ጎርፉን ጠልፈን ማሳ ካላስገባነው ማሽላ የለም። ቀናተኛ ነሽ ይሉኛል እኮ። የሰው ሰማይ እያየች ያደገች ልጅ ሌላ ምን ልትሆን ኖሯል?

ዋናውን ረሳሁት፣ ደብተሬ። የጉዞ ፈቃዱ መጣ። ከጥር ጀምሮ ሲባል ሲባል የከረመው ጉዞ እውነት ሆነ። ኖርዌይ። ፍራፍሬ የሚያበቅል አንድ መንደር፣ ከባሕር ጥግ። የሚያስወስደን የርዳታ ማኅበር ነው፤ ከችግኝ ጣቢያችን ሁለት ሰው። አንዱ ታደለ፣ ባለሙያው፣ የሮቢት ከተማ ልጅ። ሁለተኛዋ እኔ። እሱ የተመረጠው እንግሊዝኛ ስለሚችል ነው። እኔ የተመረጥሁት ሴት ስለሆንሁ ነው፤ ማኅበሩ አንዷ ሴት ትሁን ብሎ ጽፏል። ጓድ ኃላፊው ይህንኑ በስብሰባ ላይ ጮክ ብለው አነበቡት። ተጨበጨበ። ስድስት ዓመት እጄ አፈር ውስጥ ሲኖር ማንም አላጨበጨበልኝም።

ታደለ (ከዛሬ ጀምሮ ታ. ነው፤ ሙሉ ስሙን እየጻፍሁ ቀለም አልጨርስለትም) ከመጣ ሁለት ዓመቱ። ዲፕሎማ አለው። ሰው ሁሉ ይወደዋል። አህያዋ እንኳ እሱ ሲጠራት ቶሎ ትመጣለች።

አ.አ.፣ ሰኔ 30፣ ቅዳሜ

ወረፋ። ማኅተም። ክትባት። ክንዴ አብጧል። የታ. ክንድ አላበጠም። እንዴት አያብጥም? ያው አንድ መርፌ ነው የወጋን።

አባየ ሲሸኘኝ፣ ሂጅ የኔ ዓለም፣ አላህ ይከተልሽ ብሎ መረቀኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ እዚያ አገር ውሃውን ለሰዉ የሚያካፍለው ማነው? እኛ ዘንድ የውሃ አባት አለ፤ ጎርፉ ሲመጣ ማን ማሳ ቀድሞ እንደሚገባ የሚፈርድ። አባየ ከዚህ የሚበልጥ ሥልጣን አያውቅም። አይቼ እነግርሃለሁ አልሁት። እንባዬ መጣ፤ አውቶቡሱ ውስጥ ዋጥሁት።

ነገ አውሮፕላን። ፈርቻለሁ። ታ. አልፈራሁም ይላል። ይዋሻል። ግን አሳምሮ ነው የሚዋሸው።

ሐምሌ 4፣ ረቡዕ

ደርሰናል። የመንደሩ ስም አፌ ውስጥ ይንከባለላል እንጂ አይወጣም።

ምን ብዬ ልንገርሽ? ባሕሩ ወንዝ ይመስላል። በሁለት ተራራ መሃል ገብቶ ተኝቷል፤ ፊዮርድ ነው የሚሉት። ከውሃው እስከ ተራራው ወገብ ድረስ የፍራፍሬ ዛፍ፣ በመስመር በመስመር። ፖም፣ ፕሪም፣ ቼሪ የሚባል ቀይ ነገር። ከዛፉ በላይ ጫካ፤ ከጫካው በላይ በረዶ። በሐምሌ!

ከበረዶው ሥር ደግሞ ነጭ ውሃ እየተምዘገዘገ ይወርዳል። አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። በየሸንተረሩ። የሚጠልፈው የለም። ወርዶ ወርዶ ባሕሩ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፤ ሰዉም ዞር ብሎ አያየውም። አባየ ቢያይ ዶማውን ይዞ እየጮኸ ይሮጥ ነበር። ማን ነው የሚያካፍለው? ማንም። ማንም አያካፍለውም። ይኼን ምን ብዬ እነግረዋለሁ?

ሆዴ ተቃጠለ። እውነቴን ነው፣ እንደ በርበሬ ነው የተቃጠለው። ታ. ጀልባው ላይ ሆኖ ውብ ነው፣ ውብ ነው ይላል። ለሱ ውብ ነው። የሚያየው በዓይኑ ብቻ ነው።

ከጀልባው ስወርድ ጎንበስ ብዬ ውሃውን ቀመስሁት። ጨው! ድርቅ ያለ ጨው! የአፋር አሞሌ ነው የሚመስለው። አልሐምዱሊላህ አልሁ። ይኼኛው እንኳ አይጠጣላቸውም።

ሐምሌ 5፣ ሐሙስ

ያረፍንባቸው ሴት ወ/ሮ ማሪት ይባላሉ። ስድሳ ይሆናቸዋል። ሱሪ ለብሰው መሰላል ላይ ይወጣሉ። በጉልበታቸው ቀናሁ፤ እማየ በዚህ ዕድሜዋ ከመደብ ለመነሣት ቢስሚላህ ትላለች። ታ. ማሪት ብለሽ ጥሪያቸው፣ እዚህ አገር አንቱታ የለም ይለኛል። አላደርገውም። እናቴ የምትሆንን ሴት በደረቅ ስሟ የምጠራበት አፍ የለኝም።

ቤቱ ነጭ የእንጨት ቤት ነው። ታ.ን ፎቅ ላይ አሳደሩት፤ ለኔ ከወጥ ቤቱ አጠገብ ያለችውን ክፍል ሰጡኝ። መስኮቷ ወደ ቂብላ ነው፣ ወደምሰግድበት። መግሪብን ለመስገድ ግን ፀሐይ አልጠልቅ ብላ አፈጠጠችብኝ። ብርሃኑ እንኳ ለነሱ ይተርፋል።

ከሰዓት በኋላ ሥራ። ፖሙ ገና ሎሚ አያክልም። ወ/ሮ ማሪት ከአንድ ቦታ ከበቀሉት ፍሬዎች አንዷን ብቻ አስቀርተው ሌሎቹን ጥርግ አድርገው ቀጥፈው መሬት ላይ ይጥላሉ። ጤነኛ ፍሬ! ወላሂ ጮህሁ። ታ. ተረጐመልኝ፤ ሁሉም ከቀረ ሁሉም ያንሳል፣ አንዷ ስትቀር ታድጋለች ይላሉ። ገባኝ። ግን እጄ እንቢ አለ። የወደቀውን በነጠላዬ ለቀምሁ። ሳቁብኝ፤ ሁለቱም።

ኋላ ግን እጄ ለመደ። የትኛዋ እንደምትቀር አልጠየቅሁም፤ አየኋትና አወቅሁ። ወ/ሮ ማሪት አንድ ረድፍ ሙሉ ተከትለውኝ መጡና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ታ. ገና ሦስተኛው ዛፍ ላይ ጥያቄ ይጠይቃል። ዛሬ በደንብ እተኛለሁ።

ሐምሌ 8፣ እሑድ

እንቅልፍ ጠፋ።

የማኅበሩ ሰው መጥቶ ነበር። ከሁለታችን አንዳችን እስከሚመጣው ዓመት ፍሬ ድረስ እዚህ መቅረት እንችላለን፤ ሌላው ወሩ ሲያልቅ ይመለሳል። የሚቀረው ማዳቀል ይማራል። የደካማውን ዛፍ ግንድ ቆርጦ የጎበዙን ቅርንጫፍ በላዩ ማስቀጠል። ሲመለስም ጣቢያውን የሚመራው እሱ እንዲሆን መ/ቤቱ ተስማምቷል አሉ። መራጯ ወ/ሮ ማሪት ናቸው።

እፈልገዋለሁ። ደብተሬ፣ ላንቺ አልደብቅም፤ ከምንም ነገር በላይ እፈልገዋለሁ። ትምህርቱን ብቻ አይደለም። ታ. ተምሮ ቢመጣ ዕድሜ ልኬን የሱን ውሃ ልቀዳ ነው። ሴት ስለሆነች ሄደች የተባልሁት፣ ሴት ስለሆነች ተመለሰች ልባል ነው። አልችለውም።

እራት ላይ ታ. ስለ ቆቦ ያወራላቸዋል። ጣቢያችን፣ ማንጎአችን፣ ዘይቱናችን ይላል። ማንጎዎቹን የተከልኋቸው እኔ ነኝ፤ እሱ ያኔ ገና ተማሪ ነበር። ወ/ሮ ማሪት አገጫቸውን ይዘው ይሰሙታል። እኔ ድንቼን እልጣለሁ። ቋንቋ የሌለው ሰው እንግዳ ቤት ውስጥ ድመት ነው፤ ያበሉታል፣ አይጠይቁትም።

ሐምሌ 11፣ ረቡዕ

ዛሬ የሠራሁትን ልጻፍ ወይስ አልጻፍ? ልጻፍ።

ወ/ሮ ማሪት የቼሪውን ቦታ አሳዩን። ለብቻው ነው፣ ከቤቱ በላይ፣ ፀሐይ የሚመታው ዳገት ላይ። ለቀማው የፊታችን ሰኞ ይጀመራል። ፍሬው ሁለት ሁለት ሆኖ ተንጠልጥሏል፣ ከቀይነት አልፎ ወደ ጥቁር ሄዷል። ቅጠሉ አይታይም። አንዱን ቀመስሁ። ከቆቦ የማመሳስለው የለኝም፤ እንዲህ ያለ ነገር ቀምሼ አላውቅም።

ሲያወሩ ታ. ተረጐመልኝ። መሬቱ የአባታቸው ነበር። ታናሽ ወንድም አላቸው። የወረሱት ግን እሳቸው ናቸው፣ የመጀመሪያ ልጅ ስለሆኑ። ሴት ሆነው፣ ወንድም እያለ! የአባየ ማሳ በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ በአባየ ስም ነው፤ ከሱ በኋላ ለወንድሜ ነው የሚባለው። ወንድሜ አ.አ. ሹፌር ነው። የማሽላና የበቆሎ ቡቃያ አይለይም። እኔ በጨለማ ዳብሼ እለያለሁ።

ይኼን እያሰብሁ ነው ቀና ብዬ ዛፎቹን ያየሁት።

እኛ ዘንድ ያማረ ነገር ያየ ሰው ማሻአላህ ይላል። ካላለ ዓይኑ ይጎዳዋል። እሸት የያዘ ማሽላ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፈውን አባየ ከሩቅ ይጠራዋል፤ በል እንጂ፣ ማሻአላህ በል! ክርስቲያኖቹም ከዓይን ያውጣው ይላሉ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግማሹ ወጥቷል። ከዚያ ጥርሴን ነከስሁ። ለምን እላለሁ አልሁ በሆዴ። ውሃ ሞልቶላቸዋል፣ መሬት ሞልቶላቸዋል፣ ፀሐይ አትጠልቅባቸውም፤ የኔ ማሻአላህ ትቅርባቸው።

አየሁት። ጠግቤ አየሁት። ምንም ሳልል ወረድሁ።

ሐምሌ 12፣ ሐሙስ

ታ. መሰላል ላይ፣ ወ/ሮ ማሪት ከሥር። ቅርንጫፍ ሲቆርጥ ጥሩ ጥሩ ይሉታል፤ ጥሩ የምትለዋን ቃል በነሱ ቋንቋ አወቅኋት፤ ለኔ እስከ ዛሬ ሁለቴ፣ ለሱ መዓት ጊዜ። ምሳ አልበላሁም። ራሴን አመመኝ አልሁ። አላመመኝም።

የአባየ ማሳ ጎርፍ ገብቶ ይሆን? የምጠይቀው ሰው የለም።

ሐምሌ 13፣ ጁምዓ

እጄ ገና እርጥብ ነው። ጽሑፌን ይቅር በይኝ።

ዙህርን ሰግጄ እንደ ጨረስሁ ሰማይ ጠቆረ። ነጎደ። ከዚያ ወረደ! ከመጣን ጀምሮ ጠብ ሳይል ዛሬ ወረደ! ዝናብ እንደኛ አገር ነው፣ ድምፁ አንድ ነው፣ ሽታውም ያው ነው። አንድ አፍታ እዚህ መሆኔን ረሳሁት። የአባየ ማሳ ላይ ነው የዘነበው። በጫማ አልወጣሁም። በባዶ እግሬ በረንዳው ላይ ወጥቼ፣ ከበረንዳው ወርጄ፣ እልልልል አልሁ። ፊቴን ወደ ላይ አድርጌ አፌን ከፍቼ ጠጣሁት።

ሰዎች ከየቤቱ ሲሮጡ አየሁ። ወ/ሮ ማሪት፣ የማዶው ጎረቤት ሽማግሌ፣ ሴቶች፣ ወንዶች፣ ረጃጅም ዘንግ ይዘው። ዳገቱን ይወጣሉ። በቃ፣ ጎርፍ ሊጠልፉ ነው አልሁ። እኛ ዘንድም እንዲህ ነው፤ ደጋው ሲያጉረመርም ወንዶቹ ዶማና አካፋ ይዘው ወደ ወንዙ ይሮጣሉ፣ ሴቶቹ ከኋላ እልል ይላሉ። ስለዚህ ተከተልኋቸው። እልል እያልሁ። እያጨበጨብሁ። ወ/ሮ ማሪትን አልፌ ሁሉ ሄድሁ።

ሴትዮዋ ዞር ብለው አዩኝ። ፊታቸው። ያንን ፊት አልረሳም።

ታ. እየሮጠ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። ሰዓዳ፣ ዝም በይ፣ በእግዚአብሔር ዝም በይ! ቼሪው ላይ ነው እኮ! የበሰለ ቼሪ ዝናብ ሲጠጣ ቆዳው ይፈነዳል አለኝ። ዘንጉ ውሃውን ከዛፍ ለማራገፍ ነው። ወ/ሮ ማሪት ረቡዕ ዕለት ነግረውናል ይላል። መቼ ተረጐምህልኝ አልሁት። ረስቶ ነበር።

ዘንግ አንሥቼ ዛፍ ማራገፍ ጀመርሁ። ውሃው በአንገቴ ይገባል። እያለቀስሁ እንደ ነበር ያወቅሁት ኋላ ነው። ለማን እንደማለቅስ እኔም አላውቅም፤ ለቼሪው፣ ለአባየ፣ ለራሴ። እዬዬም ሲደላ ነው ይባላል። ዝናብ መጣብን ብሎ የሚያለቅስ ሕዝብ አየሁ። በዚህም ልቀናባቸው ነበር፤ አፈርሁ።

ሐምሌ 14፣ ቅዳሜ

ጠፍቷል። ፍሬው ሁሉ ከንፈሩ እንደ ተሰነጠቀ ልጅ ሆኗል። ለጭማቂ ይሄዳል፣ በርካሽ። ሌላው ለወፍ።

የማዶው ሽማግሌ ቼሪ ግማሹ ተርፏል። ተመልከቺ፣ ደብተሬ። ከጉብታው ማዶ ነው ያለው፤ ዝናቡ ግን አንድ ነው። ልዩነቱ ምንድነው? የሱን ቼሪ እኔ አላየሁትም።

ዓይኔ ነው። ሌላ ማስረጃ አልፈልግም። ቁርስ ላይ ወ/ሮ ማሪት ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ፤ አንድም የቁጣ ቃል የለም። ሳልቀምሰው አስቀመጥሁት። የሰው ቤት በልቼ የሰው ዛፍ በላሁ። ልነግራቸው ነው። አለዚያ ሶላቴም አይሰምርልኝም።

ችግሩ ልነግራቸው የምችለው በታ. አፍ ብቻ ነው። ቅናቴን በተቀናበት ሰው አፍ! አላህ ሲቀጣ እንዲህ አስተካክሎ ነው።

ሐምሌ 15፣ እሑድ

ነገርኋቸው።

ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከምሳ በኋላ። ታ.ን አስቀመጥሁት። ቃል በቃል ተርጉም፣ አንዲት እንዳትቀንስ አልሁት። ከዚያ ጀመርሁ። በውሃዎ ቀናሁ። በመሬትዎ ቀናሁ። በወንድምዎ ፊት በወረሱት ርስት ቀናሁ። በዚህም በሚተረጉመው ልጅ ቀናሁ። ረቡዕ ዕለት ዛፎችዎን አየሁና ማለት የሚገባኝን አላልሁም፤ አውቄ ነው ያላልሁት። ዓይኔ ነው ያፈነዳው። ይቅር ይበሉኝ።

ታ. ጆሮው ድረስ ቀላ። ሰዓዳ፣ እርግጠኛ ነሽ? አለኝ። ተርጉም አልሁህ! አልሁት።

ተረጐመ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው እንጂ የለም አይደለም። ዓይን የምትለዋን ሰማኋት። ቅናት የምትለዋን አላውቃትም፤ ሳልለያት አልፋ ይሆናል። አንድ ነገር ግን በደንብ ሰማሁ። እኔ፣ እኔ እያልሁ ስናገር እሱ የሚለው እኛ፣ እኛ ነው። እኛ አየን። እኛ አላልንም።

ወ/ሮ ማሪት ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያ ሳቁ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ያሉት ይኼ ነው፤ አምና ሳይሆን ካቻምና የሳቸው ቼሪ ተለቅሞ ገብቶ ነበር፣ የማዶው ሽማግሌ ግን ገና ዛፍ ላይ። በድንበር ድንጋይ ተጣልተው ነበርና እዚህችው መስኮት ላይ ቆመው ምነው አሁን በዘነበ አሉ። ዘነበ። ከዚያ ወዲህ በየገናው የፕሪም ማርማላታ ይወስዱለታል። ለምን እንደሆነ ሽማግሌው እስከ ዛሬ አያውቅም።

ደግሞም አሉ፣ ዝናቡ እንደሚመጣ ራዲዮው ሐሙስ ማታ ተናግሯል፤ ያልፈናል ብዬ ነው ዝም ያልሁት፣ ያንቺ ዓይን አይደለም። ራዲዮው የተናገረው ሐሙስ ነው። እኔ ያየሁት ረቡዕ ነው። ይኼን ግን አልተናገርሁም።

ኋላ ሦስታችንም ወጥተን ፖሙ ሥር ቆምን። ማሻአላህ አልሁ፣ ሙሉውን፣ ጮክ ብዬ። ታ. ከዓይን ያውጣው አለ። ወ/ሮ ማሪትም የኔን ቃል እንደምንም አሉት።

ስንመለስ ታ.ን ያዝሁት። ለምን እኛ አልህ? አልሁት። መሬት መሬት እያየ መለሰልኝ። እኔም አላልሁማ፣ ከዓይን ያውጣው አላልሁም አለ። የፖሙን ሥራ ሳያስተምሩሽ ስትችዪው፣ ትከሻሽን ሲመቱልሽ አይቼ ነዶኝ ነበር፤ ረቡዕ ዕለት ዛፉን ሳይ የማስበው ይኼኑ ነው አለ። ዲፕሎማ ይዤ ባንቺ እጅ ቀናሁ አለ።

አንድ ጊዜ ደስ አለኝ። ወዲያው ተናደድሁ። የኔ ነው ብዬ የያዝሁትን ጥፋት እንኳ መጥቶ ተካፈለኝ።

ሐምሌ 17፣ ማክሰኞ

የማኅበሩ ሰው ነገ ጧት ይመጣል። የሚቀረውን ሰው ስም ይፈልጋል። ወ/ሮ ማሪት እራት ላይ ተናገሩ። ቼሪው ቢጠፋም ፖሙ አለ፣ አንዳችሁን ማኖር አያቅተኝም አሉ። መምረጥ ግን አልቻልሁም፣ ሁለታችሁም ልቤ ገብታችኋል፣ እናንተው ተነጋግራችሁ ነገ ጧት ንገሩኝ፤ የምትሉኝን እናገራለሁ።

ከእራት በኋላ ከባሕሩ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን፣ ታ.ና እኔ። ፀሐይ ገና አለች። ለክርክር ተዘጋጅቼ ነበር። ስድስት ዓመቴን፣ ማንጎዎቹን፣ ያችን የስብሰባ ጭብጨባ፣ ሁሉንም በልቤ ደርድሬያለሁ። ይከራከረኛል፣ እከራከረዋለሁ፣ አሸንፈዋለሁ።

አንቺ ቅሪ አለኝ።

እንዲሁ በአንድ ቃል። የኔ ነገር አፍ ነው፣ ያንቺ እጅ ነው፣ ዛፍ የሚፈልገው እጅ ነው አለ። እኔ ልመለስ፣ አባትሽንም ሄጄ እጠይቃለሁ፣ ጎርፉ ገብቶ እንደሆነ አጣርቼ እጽፍልሻለሁ አለ። የውሃውን ነገር ምን ብዬ ልንገራቸው? ብሎ ጠየቀኝ። ያንን ለሱ መቼ እንደ ነገርሁት አላስታውስም። ጀልባው ላይ ይሆናል።

በምን አንጀት ነው ሰው እንዲህ የሚለው? እሱም ይፈልገዋል። አውቃለሁ፤ የማዳቀያውን ቢላ ሲያይ ዓይኑን አይቻለሁ። አስብበታለሁ ብዬው ተነሥቼ መጣሁ። አመሰግናለሁ እንኳ አላልሁትም።

ደብተሬ፣ በዲፕሎማው ቀንቻለሁ። በእንግሊዝኛው ቀንቻለሁ። አህያዋ ስለምትወደው ቀንቻለሁ። ያ ሁሉ ቀላል ነበር። ዛሬ በደግነቱ ቀናሁ። ይኼኛው ይብሳል። ይኼኛውን ማንም አያስተምረኝም፤ ኖርዌይ አይደለም የትም ብቀር።

እሱ ሰጥቶኝ ብቀር ዓመቱን ሙሉ የምበላው የታ.ን ምጽዋት ነው። ፖም ስቆርጥ የሱ ነው፣ ቅርንጫፍ ሳስቀጥል የሱ ነው። ቆቦ ስገባም እሱ ነው የላካት ይባላል። እሱ ደግሞ አይናገረውም። አለመናገሩ ነው የሚገድለኝ!

ሐምሌ 18፣ ረቡዕ፣ ጧት

ሱብሂን ሰገድሁ። ጤዛው ፖሙ ላይ ነው። ዛሬ ያምራል፤ ማሻአላህ።

ወስኛለሁ። ታ. ይቅር። እኔ እመለሳለሁ። ለወ/ሮ ማሪት የምነግራቸው እኔ ነኝ፣ በራሴ እንግሊዝኛ፣ ያለ አስተርጓሚ። ሌሊቱን ሦስት ቃል ገጣጥሜያለሁ፤ ቢሰባበርም ይገባቸዋል።

ደግ ሆኜ እንዳይመስልሽ። ቦታውን አሁንም እፈልገዋለሁ። መጋዙን፣ ቢላውን፣ ያን የዳገት አፈር እፈልገዋለሁ። የምመለሰው ወደ ደረቅ ጎሊና፣ ወደዚያች አህያ፣ ወደ ግማሽ ባልዲ ውሃ ነው። ጎርፉ ገብቶ ይሁን አይሁን አላውቅም። አባየ ስለ ውሃው ሲጠይቀኝ ማንም አያካፍለውም፣ ይተርፋቸዋል ብዬ ዓይኑን ማየት አለብኝ። ይኼን ሁሉ አውቃለሁ።

ግን ለሮቢት ልጅ ደግነቱን ብቻውን አልተውለትም። በዚህ አይበልጠኝም። ወ/ሮ ማሪት በዚህ ሰዓት ወጥ ቤት ናቸው፣ ድስቱ ሲንኳኳ ይሰማኛል። ታ. እስከ አንድ ሰዓት አይነቃም። ሲነቃ አልቆ ይጠብቀዋል።

ቆይ።

ደረጃው ተንቋቋ። ከላይ ነው። ጫማውን በእጁ ይዞ ነው የሚወርደው፣ ቀስ እያለ፣ እንዳልሰማው። ይኼ ሰው! ሊቀድመኝ ነው፣ እሷ ትቅር ሊላቸው። ግን እኔ ለወጥ ቤቱ እቀርባለ—